ሁለት ባላ በአንድ ጉድጓድ

የሆስፒታሉ ሰዎች «ወይዘሮ ጥርጣሬ» ይሏታል። ፊቷ ላይ ሳይሆን ዘወር ስትል ነው የሚሏት። እሷም ታውቃለች፤ እንዲያውም በልቧ ደስ ሳይላት አይቀርም። አንድ በር ብቻ ያለው አዳራሽ ውስጥ ስብሰባ ከተጠራች ወንበሯን ጎትታ በሩ ሥር ትቀመጣለች። የቤቷን ቁልፍ አንዱን በቦርሳዋ፣ አንዱን በካፖርቷ ኪስ ትይዛለች። ባሏ የሒሳብ አስተማሪ ነው፤ ሰው መጎንተል ይወዳል። «ብቻ በመጠባበቂያ ሌላ ባል እንዳትይዢብኝ» ይላታል። «እንዳንተ የሚጨቀጭቅ ሁለተኛ ሰው ከየት ይገኛል ብለህ ነው» ብላ ሥራዋን ትቀጥላለች።

ሥራዋ መንገድ መንደፍ ነው። ሰውና መኪና የሚሄድበትን ሳይሆን መረጃ የሚሄድበትን። ሆስፒታሉ ሁለት ሕንፃ አለው። ቀዶ ጥገናውና የሕሙማን ክፍሎቹ በአሮጌው ሕንፃ ናቸው፤ መረጃው የሚከማችባቸው ዲስኮች የተደረደሩበት ቀዝቃዛ ክፍል ደግሞ ከግቢው ማዶ፣ በአዲሱ ሕንፃ ምድር ቤት ይገኛል። በአሮጌው ሕንፃ ያሉት ሰርቨሮች፣ ማለትም ትልልቆቹ ኮምፒዩተሮች፣ የራሳቸው ጎተራ የላቸውም። የራጁ ምስል፣ የደሙ ዓይነት፣ ሐኪሙ ትናንት የጻፈው ሁሉ ማዶ ነው የሚቀመጠው። በመካከላቸው ያለው ነገር የኢተርኔት መስመር ብቻ ነው።

ይህን የማያውቅ ሰው መስመር ሁሉ አንድ ይመስለዋል፤ አይደለም። ተራ መልእክት መንገድ ላይ ቢወድቅ ላኪው ደግሞ ይልከዋል፤ ተቀባዩም ቢበዛ ይሳደባል እንጂ ሌላ ጉዳት የለውም። የዲስክ ጉዞ ግን እንዲህ አይደለም። ሰርቨሩ ዲስኬ እዚሁ ጎኔ ነው ብሎ ያምናል፤ ማዶ መሆኑን ማንም አልነገረውም። ስለዚህ መልሱ ትንሽ ከዘገየበት ዲስኬ ሞተ ብሎ እሱም አብሮ ይሞታል። ለዚህ ነው ሴትዮዋ የዲስኩን መንገድ ከሌላው ሁሉ የለየችው። ስልኩ፣ የጥበቃ ካሜራው፣ ጠያቂዎች የሚያዩት ፊልም ሁሉ በሌላ ስዊች፣ መስመር በሚያከፋፍል ሌላ ሣጥን፣ ያልፋል። አንድ ወጣት ሐኪም አንድ ጊዜ «ያ መንገድ ግማሽ ቀን ባዶ ነው፤ እኛ ብንጠቀምበት ምን ይጎድልበታል?» ቢላት፣ «አምቡላንስ የቆመበትን ቦታ ባዶ ነው ብለህ መኪናህን ታቆምበታለህ?» አለችው። ከዚያ ወዲያ የጠየቃት የለም።

መለየት ብቻም አይበቃትም። ሁሉም ነገር ሁለት መሆን አለበት። ሁለት ስዊች፣ መብራታቸው ከተለያየ መስመር የሚመጣ፤ ከየሰርቨሩ ሁለት ገመድ፣ አንዱ ወደዚህ አንዱ ወደዚያ። «ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» የተባለውን ሁሉም ሰው ያውቀዋል። እሷ ግን በተረቱ ላይ ቅሬታ ነበራት። «የተረተው ሰው አንድ ነገር ረስቷል» ትላለች። «ባላዎቹን የት እንደምንተክላቸው አልነገረንም። ሁለቱን አንድ ጉድጓድ ውስጥ ከተከልካቸው፣ ጉድጓዱ ሲናድ በምኑ ልትንጠለጠል ነው?»

ስለዚህ አንድ የማይቀር ልማድ አላት። የተቀበረ መስመር ከመረከቧ በፊት ከጫፍ እስከ ጫፍ በእግሯ ትሄደዋለች፤ የየጉድጓዱን ክዳን እያስነሳች፣ ጎንበስ ብላ እያየች። ሥራ ተቋራጮች ይህን ልማዷን እንደ ግብር ሰብሳቢ ነው የሚጠሉት። «እኛን አታምኚም?» ሲሏት «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ብላ ቀጣዩን ክዳን ታስነሳለች።

ይህች ሰው የማታምን ሴት በዓለም ላይ ያለ ጥርጥር የምታምነው አንድ ሰው ነበር፤ ታላቅ ወንድሟ።

አባታቸው ሲሞት እሷ ገና ፊደል አልለየችም ነበር። እናታቸው ቀድማ አልፋለች። ወንድሟ ያን ጊዜ ጢሙ እንኳ ያላቀመቀመ ልጅ ነው፤ ትምህርቱን ትቶ አካፋ አነሳ። መጀመሪያ የውኃ ቧንቧ፣ ቀጥሎ የስልክ ሽቦ፣ ዘመኑ ሲለወጥ ደግሞ መረጃን በብርሃን የሚያደርሰው ፋይበር የሚቀበርበትን ቦይ ቆፈረ። የእሷን ደብተርና ጫማ ከአፈር ውስጥ ነው ያወጣው። በተመረቀች ቀን ጥፍሩ ሥር የቀረውን ጭቃ እንዳያዩበት እጁን ኪሱ ከትቶ ነበር የቆመው፤ ፎቶው ላይ ዛሬም እንደዚያው ነው። እሷ «ጋሼ» ትለዋለች። እሱ ደግሞ ፀጉሯ ከሸበተ በኋላም «እታለም» እያለ ነው የሚጠራት።

ሥራው ግን ጉልበቱን በላበት። ደረጃ ሲወርድ በጎኑ እንደ ሸርጣን ሆነ፤ ጉድጓድ ውስጥ ከገባ ሰው ካልሳበው አይወጣም። አለቃው ባለፈው ዓመት ቃል ገባለት። የሆስፒታሉ የመስመር ቀበራ ሳይነቀፍ ርክክብ ከተፈጸመ፣ ከዚያ በኋላ ቁፋሮ የለም፤ የዕቃ ግምጃ ቤቱን ቁልፍ ይዞ ወንበር ላይ ይቀመጣል። ወንድሟ ስለዚያ ወንበር ሲያወራ ሌላ ሰው ስለ ልጁ ሠርግ የሚያወራ ነበር የሚመስለው።

ንድፉን የሠራችው እሷ ናት። ከአዲሱ ሕንፃ ወደ አሮጌው ሁለት መንገድ። የምሥራቁ አትክልቱን ሰንጥቆ ቀጥ ብሎ ያልፋል፤ አጭር ነው። የምዕራቡ በልብስ ማጠቢያው ጀርባ ዞሮ፣ የእንፋሎት ክፍሉን ከብቦ ይመጣል፤ የምሥራቁን እጥፍ ይሆናል። ሥራውን ያሸነፈው ድርጅት የወንድሟን ጓድ ሲልክ ለሆስፒታሉ ሥራ አስኪያጅ ሄዳ ነገረቻት። «ሠራተኞቹን የሚመራው ወንድሜ ነው፤ ይወቁት» አለቻት። ሥራ አስኪያጇ ቁምነገረኛ ሴት ናት። «እንግዲያው የበለጠ ይጠነቀቃል» አለች። እሷም በልቧ ያሰበችው ይህንኑ ነው።

ቁፋሮው ሲካሄድ ሄዳ አላየችም። ሁለት ጊዜ ልትሄድ ተነስታ ከመንገድ ተመለሰች። እሱ ቦዩ ውስጥ፣ እሷ ከላይ በንጹሕ ጫማ፣ በሠራተኞቹ ፊት በአናቱ ላይ ቆማ «ጥልቀቱ ልክ ነው ወይ» ልትለው አልሆነላትም። የማንም ሰው ሥራ ቢሆን ኖሮ በየቀኑ ትቆም ነበር። የጉድጓዶቹን ክዳንም ሳታስነሳ የርክክቡ ቀን ደረሰ።

የርክክቡ ቀን ጠዋት ሁሉም በምድር ቤቱ ክፍል ተሰበሰቡ። ሥራ አስኪያጇ መጣች፤ የድርጅቱ አለቃ ከረቫት አስሮ መጣ፤ ወንድሟ የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሶ በሩ አጠገብ ቆመ። ሙከራው ተጀመረ። የምሥራቁን ገመድ ነቀለች፤ አሮጌው ሕንፃ ያለው ሰርቨር ሳያነክስ መሥራቱን ቀጠለ። መልሳ ሰካችና የምዕራቡን ነቀለች፤ አሁንም ቀጠለ። ሥራ አስኪያጇ አጨበጨበች፤ ሌሎቹም ተከተሏት። ወንድሟ ሳቁን ሊይዝ እየሞከረ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል።

የቀረው መለኪያው ነው። ይህ መለኪያ በፋይበሩ ውስጥ ብርሃን ይሰድና የብርሃኑን መመለስ ይጠብቃል፤ በዚያም መስመሩ ተጎድቶ እንደሆነና ርዝመቱ ምን ያህል እንደሆነ ይናገራል። የምሥራቁን ለካች፤ ልክ ነው። የምዕራቡን ለካች፤ ያው ርዝመት መጣ። የገመዱን ጫፍ ጠርጋ ደግማ ለካች፤ አሁንም ያው ነው።

ልብስ ማጠቢያውን ዞሮ የሚመጣ መንገድ አትክልቱን ከሚያቋርጠው ጋር እኩል ሊሆን አይችልም። ሁለቱም ገመድ በአንድ ቦይ ነው የተቀበረው።

ክፍሉ ውስጥ ያንን ቁጥር ማንበብ የሚችል ሌላ ሰው አልነበረም። ወንድሟ ቀረብ ብሎ በትከሻዋ በኩል አየና፣

«እታለም፣ ያበራል አይደል?» አላት።

«ያበራል ጋሼ» አለችው። ይህ ውሸት አልነበረም።

የርክክቡ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል። አለቃው እስክሪብቶውን ከፍቶ ዘረጋላት። እሷ ግን «አንድ ጊዜ ይቅርታ» ብላ ወንድሟን በክንዱ ይዛ ወደ ደረጃው ወጣች።

«ጋሼ፣ የምዕራቡ መስመር በየት ነው የሄደው?»

«በሣልሽው ነዋ። በየት ሊሄድ ኖሯል?»

«ጋሼ።»

ወንድሟ የደረጃውን ብረት ያዘ፤ ዓይኑን ከጫማው ላይ አላነሳም።

«ማጠቢያው ጀርባ አለት ነው እታለም» አለ በመጨረሻ። «አለት ብቻ። ድጅኖው እሳት ይተፋል እንጂ አይገባም። ልጆቹ ጥለውኝ ሊሄዱ ሆነ፤ አለቃው በየቀኑ ይጮህብኛል፤ የእኔን ጉልበት ደግሞ ታውቂዋለሽ። ምን ላድርግ? ሁለት ገመድ አልሽ፤ ሁለት ገመድ ቀበርኩልሽ። አሁን ስትነቅዪው አላየሽም? ሁለቱም ሠራ እኮ!»

«አንድ አንዱን ስለነቀልኩ ነዋ የሠራው። ነገ የውኃ ቧንቧ ፍለጋ የመጣ ሰው በአንድ ዶማ ሁለቱንም ይበጥሳቸዋል። በዚያ ሰዓት ቀዶ ጥገና ጠረጴዛ ላይ ሰው ቢኖርስ ጋሼ?»

ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

«ፈርሚልኝ» አላት። «ወንበሩን ልያዝ እንጂ፣ ራሴ በበጋ መጥቼ ቀስ እያልኩ አስተካክለዋለሁ። ሌላ ሰው አያውቅም። በዕድሜዬ አንድ ነገር ለምኜሽ ዐውቃለሁ?»

«አታውቅም።»

«ይህችን ብቻ።»

ከዚህ ላይ ፍርድ የሚቸኩል ሰው ካለ ቆም ይበል። «እኔ ብሆን እምቢ እል ነበር» ማለት ቀላል ነው፤ እንዲህ የሚለው ግን ላሳደገው ሰው እምቢ ብሎ የማያውቅ ነው። ሴትዮዋ የወንድሟን ጉልበት አየች። ሱሪው ጉልበቱ ላይ አብጦ ነበር፤ በፋሻ ጠቅልሎት ነው የመጣው። እጁን ልትስም ጎንበስ ልትል ሁሉ ቃጣት። ከዚያም ያ የማታውቀው ሰው ታሰባት፤ ጠረጴዛው ላይ ተኝቶ፣ ሐኪሙ ምስሉን ሲጠይቅ ምስሉ የማይመጣለት።

«አልችልም ጋሼ» አለች፤ እንባዋ ቀድሟት።

ትታው ወደ ክፍሉ ገባች። መንገድ ላይ አንድ ውሸት እያሰናዳች ነበር። ሰው ሁሉ ወደ እሷ ዞረ።

«አልረከብም» አለች። «ጥፋቱ የእኔ ነው። ማጠቢያው ጀርባ አለት እንዳለ ሳላስጠና ነው የነደፍኩት። በዚያ ምክንያት ሁለቱ መስመሮች በአንድ ቦይ ገብተዋል። ንድፌ ስሕተት ነው።»

አለቃው ፊቱ በራ፤ የእሱ ጥፋት አለመሆኑ ብቻ በቅቶታል። ሥራ አስኪያጇ ግን ግንባሯን ቋጠረች። «አንቺ? አንቺ ሳታስጠኚ?» አለች፤ ማመን አቅቷት።

«ንድፉ ልክ ነው።»

ወንድሟ ነው። የበሩን መቃን ይዞ ቆሟል።

«ንድፉ ልክ ነው። አለቱን በማርቴሎ ሰብራችሁ እለፉ ተብሎ ተጽፎልናል። የታጠፍኩት እኔ ነኝ። እሷ አታውቅም ነበር» አለ። ከዚያ ወደ ደረጃው ዞረ። ደረጃውን ለመውጣት ብዙ ጊዜ ፈጀበት፤ እግሩን እየጎተተ ሲወጣ ክፍሉ ውስጥ ያሉት ሁሉ ይሰሙታል።

በዚያው ሳምንት ከሥራ ተሰናበተ። ወንበሩም ለሌላ ሰው ተሰጠ።

ከዚያ ወዲያ ወንድሟ ቤቷን አልረገጠም። እሷ ሄደች። ሚስቱ በሩን ገርበብ አድርጋ «ተኝቷል እህቴ» አለቻት። ፀሐይ አናት ላይ ነች። ሌላ ቀን ሄደች፤ አሁንም ተኝቷል። ሦስተኛ ጊዜ ሚስቱ «ወጥቷል» ስትላት፣ ሰበብ መለወጧ ነው ብላ አላመነቻትም። ማታ ማታ ሳህን እያጠበች ታለቅሳለች። ባሏ፣ ያ ቀልደኛ፣ ቀልዱ ሁሉ ጠፍቶበት «እውነቱ ያንቺ ነው እኮ» ይላታል።

«እውነቱን መቼ አጣሁት» ትለዋለች። «ወንድሜን ነው ያጣሁት።»

ለምዕራቡ መስመር ሌላ ድርጅት መጣ። በዚህኛው ጊዜ ሄዳ ለመቆም ሞከረች፤ ማጠቢያው ጋ ስትደርስ ተመለሰች። የአለቱ ድምፅ እስከ ቢሮዋ ይሰማል። መስኮቱን ዘግታ ትቀመጣለች።

ሥራው አልቆ የቁፋሮው አለቃ ሊያስረክባት መጣ። ወፍራም፣ ድምፁ ከሩቅ የሚሰማ፣ ሳቂታ ሰው ነው። ወደ ግቢው ይዟት ሲወጣ፣

«እትዬ፣ ያ ሽማግሌ የእርስዎ ዘበኛ ነው እንዴ?» አላት።

«የቱ ሽማግሌ?»

«ያ የሚያነክሰው ነዋ! ከጀመርንበት ቀን አንስቶ ጠዋት ጠዋት ይመጣል፤ ግንቡ ሥር ይቀመጣል። የእርስዎ ሰላይ ነው ብለን ስንት ቀን አማነው። እውነቱን ልንገርዎ፣ አለቱ ጋ ስንደርስ ተስፋ ቆርጠን በአትክልቱ በኩል ልንታጠፍ ነበር። ብድግ አለና መጥቶ ልንታጠፍ ያሰብንበት ቦይ ውስጥ ተቀመጠ። ውጣ ብንለው፣ ብንለምነው፣ ብንቆጣው፣ ወይ ፍንክች! ‹በዚህ ከሆነ እኔንም አብራችሁ ቅበሩኝ› አለን። ምን እናድርግ? ተመለስን። ኋላ ደግሞ አለቱ በየት በኩል እንደሚሰነጠቅ እየዳሰሰ ያሳየን እሱው ነው። ዕውቀቱን ከየት እንዳመጣው እንጃ።»

ሴትዮዋ ቆማ ቀረች። ግንቡ ሥር ማንም የለም፤ ይቀመጥበት የነበረው አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ብቻ ቀርቷል።

ቆይታ መለኪያዋን አወጣች። የምዕራቡ መስመር ከምሥራቁ እጥፍ ሆኖ መጣ። የቁፋሮው አለቃ ወረቀቱን ከኪሱ እያወጣ «እንግዲህ አለቀ፤ እንዲያ ያለ ዘበኛ ቆሞበት ደግሞ ምን ይጠረጠራል?» አለ።

«ክዳኖቹን አስነሱልኝ» አለችው።

አንድ በአንድ አስነሳች። በየአንዳንዱ ላይ ጎንበስ ብላ አየች። ማጠቢያው ጀርባ ያለው ላይ ስትደርስ ከሌሎቹ ይልቅ ቆየች፤ ገመዱ በተሰነጠቀው አለት መካከል ቀጥ ብሎ ያልፋል። ከዚያ ፈረመች።

ከግቢው እንደወጣች በቀጥታ ወደ ወንድሟ ቤት ሄደች። ሚስቱ በዚህ ጊዜ «ተኝቷል» ሳትል በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችላት። ወንድሟ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ እግሩን በሳፋ ሙቅ ውኃ ነክሯል። ጉልበቱ አብጧል። ቀና ብሎ አያት። ሰላምታ አልተለዋወጡም።

«አለቀ አሉ» አለ።

«አለቀ ጋሼ። ልክ ነው።»

«ክዳኖቹን ከፈትሻቸው?»

አፏ ላይ አንድ ጥሩ መልስ መጣ። አንተ ቆመህበት ለምን እከፍታለሁ ብትለው፣ ያ ሁሉ የከረመው ነገር በአንድ ቃል ያልቅ ነበር። እሱን ማስደሰት ፈለገች፤ በጣም ፈለገች።

«ከፈትኳቸው» አለችው።

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም።»

«እኔ እንደነበርኩ ነግረውሽም?»

«ነግረውኝም ጋሼ።»

የወንድሟ እንባ በጉንጩ ላይ ሲወርድ አልጠረገውም።

«እሰይ» አለ። «ባትከፍቺያቸው ኖሮ፣ ማንን ነው ያሳደግኩት እል ነበር።»

አጠገቡ ተንበርክካ እጇን ሳፋው ውስጥ ከተተች። ውኃው ቀዝቅዞ ነበር። ሙቅ ልታመጣ ተነሳች።